የሐረጎ ቁልቁለት ሒሳብ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በስልክ የልጅ ልጅህን ስትከስ በጣም ነው የሳቅኩት። "ኩንታል ተሸክሞ መቆም ሥራ አይደለም ይለኛል!" አልከኝ። አባዬ፣ ልጁ የተማረውን ነው የነገረህ። በፊዚክስ ሥራ የሚባለው ዕቃውን ስትገፋው ወይ ስታነሳው እሱም ወደዚያው ሲሄድልህ ነው። 100 ኪሎ ኩንታል 1 ሜትር ብታነሳ 1,000 ጁል ገደማ ሠራህ፤ ጁል የሥራና የኢነርጂ መለኪያ ነው። ተሸክመኸው ብትቆም ግን ኩንታሉ ላይ የሠራኸው ዜሮ ነው። ድካምህ ውሸት አይደለም። ጡንቻህ የበላኸውን እያቃጠለ ሙቀት ያደርገዋል፤ ለኩንታሉ ግን ምንም አይደርሰውም።

አንተ ግን ኩንታሉን ተወውና የሐረጎን ንገረው። እሱ ላይ ማንም አይረታህም።

በሐረጎ ቁልቁለት ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርድ የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው። የጭነት መኪናህ ኤንትሬ ከነጭነቱ 15 ቶን ነበር እንበል። 15,000 ኪሎው በ10 (ለመሬት ስበት) እና በ600 ሜትሩ ሲባዛ 90 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። መኪናው ደሴ ላይ ቆሞ ሳለ ይህን ሁሉ ኢነርጂ ይዟል። ኮምቦልቻ ገብቶ ሲቆምስ የት ገባ? ኢነርጂ አይጠፋም፤ መልኩን ነው የሚቀይረው። ከፊሉን ጎማውና ንፋሱ ይወስዱታል። የተረፈው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። 90 ሚሊዮን ጁል ማለት 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ 7 ሰዓት ሙሉ ሲግል የሚበላው ነው። የፍሬን ሸራው የሚሸተው ወዶ አይደለም።

ይህንን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1840ዎቹ የለካው ጁል የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ቤተሰቦቹ ቢራ ጠማቂዎች ነበሩ፤ እሱን እለፈው። ክብደት ቁልቁል እየወረደ ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያዞር አደረገና ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ለካ። አንተ በኤንትሬ ያደረግከውን እሱ ባልዲ በምታህል ዕቃ አደረገው ማለት ነው።

ፓወር ደግሞ ሥራው በስንት ጊዜ አለቀ የሚለው ነው። ያንኑ ቁልቁለት በ30 ደቂቃ ብትወርድ 50,000 ዋት (በየሰከንዱ 50,000 ጁል ማለት ነው)፣ በ15 ደቂቃ ብትወርድ 100,000 ዋት ይሆናል። ኢነርጂው ያው ነው። የፍሬኑ ታምቡር ግን ሙቀቱን ለአየር የሚሰጠው በራሱ ፍጥነት ስለሆነ፣ ስትቸኩል ሙቀቱ ይጠራቀምበታል፤ ፍሬኑም እምቢ ይላል። ረዳቶችህን "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ትላቸው የነበረው ለዚህ ነው። በከባድ ማርሽ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፤ ሙቀቱም ከፊሉ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይወጣል።

ፈተናው ሳይደርስ ይህን አሠራው። ዳገቱንም ያስላ፦ 90 ሚሊዮኑን በ1 ሰዓት ለመውጣት ስንት የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል? 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ለማንሳት ብቻ 33 ወይ 34 ካላመጣ ተቆጣው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፍሬኑ መጋሉን መጀመሪያ የምታውቀው በአፍንጫህ ነበር ወይስ በእግርህ? ስትደውል ንገረኝ።

ዱዓህ አይለየኝ።

ልጅህ