ኮሴግን አትዝለሏት

ለአዘጋጁ፦

የኦቶማን ጦር በሃንጋሪ ስላደረገው ዘመቻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በምዕራብ ሃንጋሪ ያለችው የኮሴግ ከተማ ግን አንድም ቦታ አልተነሳችም። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1532 ሱልጣን ሱሌይማን ወደ ቪየና ሲገሰግስ፣ በክሮኤሺያዊው የጦር አዛዥ በኒኮላ ዩሪሺች የተመራ ጥቂት ሰው፣ አብዛኛው ወታደር እንኳ ያልሆነ፣ ያን ሁሉ ሠራዊት በዚህች ትንሽ ከተማ ለሳምንታት አቆመው። ቪየናም በዚያ ዓመት ሳትከበብ ቀረች። ከተማዋ ዛሬም ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ለዚህ መታሰቢያ ደወል ትደውላለች።

መልክዓ ምድሩም መረሳት የለበትም። ኮሴግ ያለችው በአልፕስ ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ኦስትሪያ ድንበር አጠገብ ነው። ያለዚህ ከበባው ለምን እዚያ እንደሆነ አይገባም።

በቀጣዩ እትም ከቡዳ ከተማ (ዛሬ የቡዳፔስት ክፍል ከሆነችው) እስከ ቪየና ያለውን መንገድ የሚያሳይ ካርታ አውጡ፣ ኮሴግንም ምልክት አድርጉባት።