ዋጋው ስለወደቀ ብቻ አክሲዮኑ ረከሰ አይባልም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ዋጋው ያሽቆለቆለ የኢንተርኔት ኩባንያ አክሲዮን «አሁንም ውድ ነው»፣ «የለም፣ ከሚገባው በታች ወርዷል» በሚል በገጻችሁ የተነሳውን ክርክር ተከታትያለሁ። ሁለቱም ወገኖች የሚሟገቱት አክሲዮኑ ቀድሞ ስንት ያወጣ እንደነበር እየጠቀሱ ነው። የቀድሞው ዋጋ ግን ኩባንያው ወደፊት ስለሚያስገባው ገንዘብ የሚነግረን ነገር የለም። 80 በመቶ ሲወድቅ «ከዚህ በታች አይወርድም» ብሎ የገዛ ሰው፣ ውድቀቱ 90 በመቶ ሲደርስ የገንዘቡን ግማሽ አጥቷል።

ያሁ የተባለውን የኢንተርኔት ኩባንያ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ አክሲዮኑ በዚያው ዓመት ጥር ከነበረበት ከ85 በመቶ በላይ ወርዶ 30 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋም ቢሆን ገበያው ለኩባንያው የዓመት ገቢውን 15 እጥፍ ያህል ይከፍል ነበር። ገቢው ደግሞ በአብዛኛው ከማስታወቂያ የሚገኝ ሲሆን፣ ከአስተዋዋቂዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው በባለሀብቶች ገንዘብ የሚተነፍሱ ጀማሪ የኢንተርኔት ድርጅቶች ነበሩ። እነሱ ሲዘጉ የ2000 ገቢው 1.11 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ኩባንያ በ2001 717 ሚሊዮን ብቻ አስገባ። አክሲዮኑም በዚያው ዓመት መስከረም ወር ወደ 8 ዶላር ገደማ ወረደ።

አማዞን የተለየ ነበር። በታኅሣሥ 1999 ከ100 ዶላር በላይ የነበረው አክሲዮን በ2001 መስከረም ማብቂያ ከ6 ዶላር በታች ሲወርድ፣ የኩባንያው አጠቃላይ የገበያ ዋጋ በዚያ ዓመት ካገኘው 3.12 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ አነሰ። ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበትና የፈሩት ሰዎች ያለምክንያት አልፈሩም። ነገር ግን ከደንበኛው ገንዘቡን ወዲያው ይቀበላል፣ ለአቅራቢው የሚከፍለው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ሩብም የመጀመሪያ ትርፉን፣ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ አስመዘገበ።

ስለዚህ ስሌቱን መሥራት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል ከ200 ወደ 30 ዶላር የወረደ፣ 300 ሚሊዮን አክሲዮኖች በገበያ ላይ ያሉት ኩባንያ እንውሰድ። የሒሳብ መግለጫውን ማብራሪያዎች ስናነብ ለሠራተኞች ቃል የተገቡ ተጨማሪ 40 ሚሊዮን አክሲዮኖች እናገኛለን። 340 ሚሊዮን በ30 ሲባዛ 10.2 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። ጥሬ ገንዘቡ 2 ቢሊዮን፣ ዕዳው 800 ሚሊዮን ከሆነ፣ ጥሬ ገንዘቡ ተቀንሶ ዕዳው ሲደመር ለሥራው የሚከፈለው 9 ቢሊዮን ነው። ገቢው 1.5 ቢሊዮን ነው እንበል፤ የሚከፈለው የገቢው 6 እጥፍ ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ኩባንያው «300 ሚሊዮን ንጹሕ የገንዘብ ፍሰት» (በጥሬ ገንዘብ የሚከፈሉ ወጪዎች ተከፍለው የሚተርፍ ገንዘብ) «አለኝ» ይላል፤ 9 ቢሊዮን ለዚህ ሲካፈል 30 እጥፍ ስለሚሆን አያስፈራም። ነገር ግን ለሠራተኞቹ ከደመወዝ ጋር 240 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሰጥቷል። ይህ ወጪ ከካዝና ስለማይወጣ በገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ወደ ትርፍ ተመልሶ ይደመራል። ከፋዩ ግን ድርሻው የሚቀጥንበት ባለአክሲዮን ነው። ሲቀነስ የሚተርፈው 60 ሚሊዮን ነው፤ 30 እጥፉ 150 እጥፍ ሆነ!

ገዢው በዓመት 10 በመቶ ማግኘት ቢፈልግ፣ 9ኙ ቢሊዮን በ10 ዓመት 23.3 ቢሊዮን መድረስ አለበት። ያኔ ገበያው የትርፉን 20 እጥፍ ቢከፍልና ከገቢው 20 በመቶው ትርፍ ቢሆን፣ ገቢው 5.8 ቢሊዮን መሆን ይኖርበታል። ይህም በየዓመቱ 14 በመቶ ተኩል ገደማ ማደግ ማለት ነው። የአክሲዮኑ ብዛት በዓመት 3 በመቶ ከጨመረ ደግሞ የሚፈለገው ዕድገት ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። አንድ ጊዜ ተመዝግበው በሚቀጥለው ዓመት የሚሰረዙ ደንበኞች የበዙበት ኩባንያ ይህን ለ10 ዓመት ያለማቋረጥ ያሳካል ብዬ አላምንም።

ዝግጅት ክፍላችሁ ስለ እንዲህ ያለ አክሲዮን ሲዘግብ፣ ከወደቀበት በመቶኛ ጎን ቃል የተገቡትን ጨምሮ አጠቃላይ የአክሲዮኑን ብዛት፣ ዕዳው ተቀንሶ የሚተርፈውን ጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን የተከፈለውን ደመወዝ እንዲያትም እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ