ወሬዬ ደረሰ፣ ወረቀቴ ቀረ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጎዳና ላይ የምናድረውን የሚረዱ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ስለ እኛ መረጃ ይለዋወጡ የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የትኛውን ወሬ ለማን እንደሚያወጡ ቢያውቁበት ደስ ይለኛል።

ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ በረንዳ ላይ ሁለት ክረምት አድሬአለሁ። የማርቆስን ብርድ የቀመሰው ያውቀዋል። ያኔ መዝገብ ይዞ ያልመጣብኝ ሰው የለም። ምሳ የሚያበላው ይጠይቃል፣ ልብስ የሚያድለው ይጠይቃል። «ከየት መጣህ? ለምን ከቤት ወጣህ?» ታሪኬን ከመደጋገሜ ብዛት የሌላ ሰው ይመስለኝ ጀመር።

ለአንዱ እውነቱን ነገርኩት። እንጀራ አባቴ በመሬት ተጣልቶኝ፣ እገድልሃለሁ ብሎ ሲዝትብኝ ነው የወጣሁት አልኩት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ላስታርቀው ብሎ ለሌላ ቢሮ አስተላለፈው፤ ያኛው የገጠር ቀበሌያችን ደወለ። በሳምንቱ እንጀራ አባቴን መናኸሪያው በር ላይ አየሁት፣ ዱላውን ይዞ። ሦስት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን መቃብር ቤት ተሸሽጌ አደርኩ።

ደግሞ ቲቢ ተገኘብኝ። መድኃኒቱ 6 ወር ነው፣ አይቋረጥም። በሦስተኛው ወር ባሕር ዳር መጠለያ አግኝተንልሃል ብለው ላኩኝ። የሕክምና ወረቀቴ ግን እዚሁ ቀረ። እኔም ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ዝም አልኩ። 9 ቀን ሳልውጥ ቆየሁ።

አሁን ሊስትሮ ነኝ። አንድ የሕግ ተማሪ ጫማውን ስጠርግለት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል መውጣቱን ነገረኝ። የጤና ነገር ከሌላው ይልቅ ይጠበቃል፣ የሰጠኸውን ፈቃድም መልሰህ መውሰድ ትችላለህ አለኝ። እሰየው። ግን እኔ መቼ ፈቀድኩ? በአንድ እጃቸው ብርድ ልብስ፣ በሌላው የጣት አሻራ ቀለም ይዘው ሲመጡብህ በዚያ ብርድ እምቢ የሚል ማን ነው?

ከመዝገቡ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመርልኝ፦ «ይህን ለማን እንንገርልህ? ለማንስ አንንገር?» መልሱን ቁጭ ብለው ይስሙት፣ ሰልፉ ፊት አይጠይቁት። የመድኃኒቱን ወረቀት ሲሆን ከእኔ ቀድመው ያድርሱት። ልብስ ለሚያድለው ግን የእንጀራ አባቴ ወሬ ምን ያደርግለታል?

ስሜን ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው። እሱ ጋዜጣ ባያነብም የሚያነብለት አያጣም።

ሊስትሮው፣ ከደብረ ማርቆስ