«ከአርባ ምንጭ ነኝ» በያቸው

ልጄ፣

ከትናንቱ ስልክ በኋላ እናትሽ «ምች ነው» ብላ ቆርጣለች። ወደ በርሊን ዳማከሴ የሚያደርስ መንገደኛ ስታፈላልግ አመሸች፤ ካገኘች ጤና አዳምም ትጨምርበታለች። እኔ ግን ከነገርሽን ሁሉ አንድ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ማክሰኞ አንቀጠቀጠሽ፤ ረቡዕ ደህና ሆነሽ ከጓደኞችሽ ጋር ሙዚየም ስትዞሪ ዋልሽ፤ ሐሙስ በዚያው ሰዓት ገደማ ብርድ ብርድ አለሽ፣ ቀጥሎ አተኮሰሽ፣ በመጨረሻ ልብስሽ በላብ ራሰ። ጉንፋን እንዲህ ቀን እየዘለለ አይመላለስም፤ ወባ ግን ይመላለሳል። ስሌቴ ልክ ከሆነ ነገ ከሰዓት ይመለስብሻል። ስለዚህ ዛሬ ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ያየሽ ሐኪም ከየት እንደመጣሽ ሲጠይቅሽ «ከአዲስ አበባ» ብለሽዋል። ውሸት አይደለም፤ የምትማሪው እዚያ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ያላት ደጋ ከተማ ስለሆነች ሐኪሙ ወባን ከሐሳቡ ቢያወጣ አልፈርድበትም። አሁኑኑ ተመልሰሽ «ቤተሰቦቼ አርባ ምንጭ ናቸው፤ ክረምቱን እዚያ ነበርኩ፤ ወባ ይዞኝ ታክሜአለሁ» በያቸው። «ማላሪያ፣ ቫይቫክስ» ብለሽ በትልቁ ጽፈሽ አሳያቸው።

የክረምቱን ስላይድሽን ያየሁት እኔ ነኝ። ጊምሳ በሚባለው ማቅለሚያ የተቀባውን ደም በማይክሮስኮፕ ስመለከት ቀዩ የደም ሴል ከጎረቤቶቹ አብጦ፣ ውስጡ እንደ በርበሬ ብናኝ ቀያይ ነጠብጣብ ሞልቶበት ነበር። ይህ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዝርያ መልክ ነው፤ ብዙ ዓመት ያየ ሰው አይስተውም። የዚህ ዝርያ ክፋቱ ጉበት ውስጥ ተኝቶ መክረሙ ነው። ክሎሮኪን ከደም ቢያጠፋውም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትንኝ ሳይነክስሽ እንደገና ይነሣል። የ14 ቀኑ ፕሪማኪን የተሰጠሽ ለዚሁ ነበር። እናትሽ መሳቢያሽን ስታስተካክል በላስቲክ የተቋጠረውን ኪኒን አግኝታዋለች፤ ግማሹ እንዳለ ነው። እሱን ስትመለሺ እንነጋገርበታለን።

ግምቴ ቫይቫክስ ቢሆንም የእኛ አካባቢ ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ዝርያም አለበት፤ እሱ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሰው ይገድላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ውጤት «የለም» ቢል እንኳ በ12 እና በ24 ሰዓት ልዩነት እንዲደገም ጠይቂ። አንድ ስላይድ ነጻ አያወጣም። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ያበርድልሻል እንጂ ወባውን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ አይነካውም። ጓደኛሽ የሰጠችሽን አንቲባዮቲክ ደግሞ መልሺላት። ፕሪማኪን እንደገና ሊሰጡሽ ሲሉ አስቀድመው ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባል የደም ምርመራ ቢያዙ አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴልሽን እንዳይጎዳው ለማረጋገጥ ነው።

ክሊኒኩ ከተዘጋ አስተባባሪ መምህራችሁ 116117 ይደውሉ፤ በጀርመን ከሥራ ሰዓት ውጭ ተረኛ ሐኪም የሚገኝበት ቁጥር ነው። ማስመለስ ካላቆመልሽ፣ ዐይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ንግግርሽ ከተምታታ ግን በቀጥታ 112 ነው።

ለመምህሩ ያልነገርሽው የጓደኞችሽ የድሬስደን ጉዞ እንዳይበላሽ ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል። እነሱ ይሂዱ፤ አንቺ ግን ቅሪ። ስለ ገንዘቡም አትሳቀቂ። ለቪዛው ስንል የገዛነው የጉዞ ጤና ዋስትና ቢያንስ 30,000 ዩሮ እንዲሸፍን የሚጠየቀው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ሰነዱ ሰማያዊው ክላሰር ውስጥ ከቲኬትሽ በስተጀርባ አለ፤ መምህሩ ለዋስትና ድርጅቱ ዛሬውኑ ያሳውቁልሽ። የከፈልሽበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ።

ውጤቱ ሲመጣ የወረቀቱን ፎቶ ላኪልኝ፤ የጥገኛው መጠን የተጻፈበት መስመር በደንብ ይታይ። ምን በላሽ፣ ማን አደረ አጠገብሽ የሚለውን እናትሽ ራሷ ደውላ ትጠይቅሻለች፤ ስልክሽን አትዝጊባት።

አባትሽ