ይድረስ ኩታበር፤ ዘይት ስለሚያንጠባጥበው ሞተር ሳይክልህ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የኮምቦልቻ ሙቀት በርትቷል፤ አንተ እዚያ ደጋ ላይ ጋቢ ደርበህ በጣትህ ጫፍ እንደምትጽፍ የእጅ ጽሑፍህ ይናገራል። እህትህ ፈተናዋን ጨርሳ ሱቅ ትረዳኛለች፤ ረዳች ከተባለ። ስልኳን ስትነካካ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃታል። አክስትህ ሰላም ብላሃለች፤ ቆሎውን የላከችው እርሷ ናት።

አሁን ወደ ሞተር ሳይክልህ ልምጣ። በግራ በኩል ከካቴናው ሥር ዘይት ይንጠባጠባል፣ አንዱ መካኒክ ሞተሩ ካልተከፈተ አለኝ፣ ሌላው ሲሊኮን ልለጥፍበት አለ፣ ልሽጠው ይሆን ብለህ ጽፈሃል። አትሽጠው። የመጀመሪያው ሰው ገንዘብህን ፈልጓል፤ ሁለተኛው ሥራውን ፈርቷል። ከሁለቱ አንዱም ጎንበስ ብሎ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ፣ ለምን እንደሚወጣ አላየም። እናቴ ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆነች እንዳትለኝ። ከመለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው የመካኒኩን ሁሉ ጥፋት ያያል፤ የተበላሸው ዕቃ ተመልሶ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነውና።

በእርግጥ አሮጌ ነው። ቆጣሪው 14 ሺህ ቢልህ አትመነው። ባለ አምስት አኃዝ ቆጣሪ 99,999 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል፤ የእግር መርገጫው ጎማ የተላጠ፣ የማርሽ መርገጫው ጫፍ ያለቀ ሆንዳ ኤክስኤል 125 የሄደው 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ቢሉኝ እስቃለሁ። ስንት ጊዜ እንደዞረ ከአንተ በፊት የነዱት ይወቁት። ነገር ግን ዘይት ማንጠባጠብና የሞተር መሞት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጎማ ያረጃል፤ ኦይል ሲል፣ ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት፣ ደግሞ ዘንጉን የሚነካው ከንፈሩ ጎማ ነው።

ቢሆንም ችላ አትበለው። የሞተርህ ሆድ የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ያው ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል፤ ሞተሩም የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፣ ውኃ የለውም። መኪና ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ቢጎድል ብዙ ላይታወቅ ይችላል፤ አንተ ግን የክትባት ሳጥን ጭነህ ዳገት ለዳገት ስትሄድ ዘይቱ ቢያልቅ ሞተሩ ተጣብቆ ይቆማል፣ በረዶው ይሟሟል፣ ክትባቱ ይበላሻል፣ ገበሬውም ከብቶቹን ይዞ ሲጠብቅህ ይውላል። በዚያ ላይ የሚረጨው ዘይት የኋላ ጎማህ ላይ ቢያርፍ ኩርባ ላይ ያንሸራትትሃል። ስለዚህ እስኪሠራ ድረስ በየማለዳው ዘይቱን ለካ። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርተህ አጥፋው፣ ዘይቱ ይውረድ፣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገህ አቁመው። ከዚያ መለኪያውን ጠርገህ ሳታጠብቀው ክተተውና አንብብ። አጥብቀው የሚያነቡ ብዙ ናቸው፤ ዘይቱ ከእውነቱ በላይ የሞላ ይመስላቸዋል።

መጀመሪያ እጠበው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የግራውን ጎን በሙሉ አጽዳው። ቤንዚን አትጠቀም፣ እሳት ነው። የፊተኛውን የካቴና ጥርስ የሚሸፍነውን ክዳን አውልቀህ ውስጡን ጥረግ፤ እዚያ የተከማቸው ጭቃ፣ ግሪስና አቧራ ለብቻው አንድ ሰሐን ይሞላል። ብዙ ጊዜ ሰው ዘይት ያፈስሳል ብሎ የሚያለቅስበት ነገር ካቴናው የተፋው ቅባት ሆኖ ይገኛል። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ነስንስበት፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ነድተህ ቁምና እይ። ዘይት ወደ ታች ይፈስሳል፣ ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የሚንጠባጠብበትን ሳይሆን ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበውን ቦታ ፈልግ።

በዚያ በኩል የምጠረጥራቸው ጥቂት ናቸው። ካቴናውን የሚያዞረው ዘንግ የሚወጣበት ኦይል ሲል ዋናው ነው። ከእርሱ አጠገብ የማርሽ መለወጫው ዘንግ ትንሽ ኦይል ሲል አለ። ርጥበቱ የጀመረው ከማኞቶው፣ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው፣ ክዳን ዙሪያ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ፣ በክዳኑ ሥር ያለው ስስ ማሸጊያ፣ ነው፤ እርሱ ቀላል ነው።

የሁለቱን ኦይል ሲል ልኬልሃለሁ። ከጠፍጣፋው ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ካርቶኑን እስክትገጥማቸው አትክፈተው። አንዳንድ ሱቅ ኦይል ሲል በሚስማር ላይ አንጠልጥሎ ፀሐይ ላይ ያውለዋል። የተንጠለጠለበት ቦታ ከንፈሩ ይጣመማል፣ ፀሐዩ ጎማውን ያደርቀዋል፣ ገዢው ደግሞ አዲስ ገጠምኩ እያለ በሳምንቱ ዘይት ይጠርጋል። እኔ ዕቃ ስገዛ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ስም አይቼ አልገዛም። ከንፈሩን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አየዋለሁ፤ ስለታም መሆን አለበት፣ ከጀርባው ያለችው ቀጭን ሞላ ዙሪያውን እኩል መቀመጥ አለባት። ከመግጠምህ በፊት ግን ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አስተያይ። ሦስት ቁጥር ተጽፎበታል፤ ለምሳሌ 20፣ 34፣ 7 ቢል ዘንጉ የሚገባበት 20 ሚሊ ሜትር፣ የውጭው ስፋት 34፣ ውፍረቱ 7 ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር ብትለይ አትግጠመው፣ መልሰው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ረጋ ብለህ አንብብ፤ ሰው ገጥሞ ገጥሞ የሚሰለቸው ይህን ስለማያይ ነው።

አሮጌው ሲወጣ ዘንጉን በጨርቅ ጥረግና ጥፍርህን በርዝመቱ አንሸራትትበት። የጎማው ከንፈር ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ላይ ጥፍርህ ከያዘ ዘንጉ ተቦርቡሯል ማለት ነው። ጎማ ብረት እንዴት ይበላል ትለኝ ይሆናል። የሚበላው አቧራው ነው። ከንፈሩ ሥር የተሰነቀረ ደቃቅ አፈር ለዓመታት ሲሽከረከር ብረቱን ይሞርደዋል። ቦርቡሩ ቀላል ከሆነ አዲሱን ከአሮጌው ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርገህ አስቀምጠው፤ ከንፈሩ ያልተነካ ብረት ላይ ያርፋል። ግን ቦታ መኖሩን አስቀድመህ አረጋግጥ፣ ከኋላው ያለውን የዘይት መተላለፊያ እንዳትደፍን። ጥልቅ ከሆነ ደሴ ጥሩ ቶርኖ ቤት አለ፣ መፍትሔ አያጣም። ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት እፍቀው የሚልህን ሰው ግን አትስማ፤ ጠባሳው ዘይቱን ወደ ውጭ ይመራዋል።

ቀጥለህ ዘንጉን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ጎልቶ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው፣ ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው የብረት ቀለበት፣ አልቋል፤ የሚወዛወዝ ዘንግ ላይ የትኛውም ኦይል ሲል አይቆይም። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መካኒክ እውነት ተናግሯል ማለት ነው፣ ሞተሩ ይከፈታል። ኩሽኔታውን ቶሎ ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ የተወጠረ ካቴና ነው። አንተ ካቴና እንደ ክራር ክር ማጥበቅ ትወዳለህ፣ አውቅሃለሁ። አላላው። በታችኛው በኩል መሐል ላይ በጣትህ ስትገፋው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጫወት፤ ሰው ሲቀመጥበትና መንገዱ ሲያነጥር ካቴናው ይበልጥ ይወጠራልና።

ሦስተኛው ነገር መተንፈሻው ነው። ከሞተሩ የምትወጣ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች፤ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ የሚወርደውን ጋዝ የምታስወጣ እርሷ ናት። ጭቃ ወይም ነፍሳት ሲደፍኗት ውስጡ ያለው ግፊት መውጫ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም ደካማውን ከንፈር ነው። የኩታበር መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ። ቱቦዋን አውጥተህ እጠባት፣ በአፍህ ንፋባት። ዘይት ከልክ በላይ መሙላትም ጥፋት ነው፤ ያፈስሳል ብለህ አስቀድመህ አትጨምርለት።

አገጣጠሙን መካኒኩ ይሥራው፣ አንተ ግን አጠገቡ ቁም። ዘይቱ ይቀዳ፣ ካቴናውና ጥርሱ ይውጡ። ኦይል ሲሉ ከውጭ የሚወጣ ከሆነ በጥንቃቄ ይጎተታል፤ ካቻቢቴ ዘንጉን እንዳይጭረው ይጠንቀቅ፣ አንድ ጭረት ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ከውስጥ በኩል ተይዞ እንቢ ካለ አትታገሉት። አዲሱ ከመግባቱ በፊት የዘንጉን ጥርሶች በስስ ፕላስቲክ ይጠቅልላቸው፣ አለዚያ ከንፈሩን ይቆርጡታል። ከንፈሩን ዘይት ይቀባው፣ በደረቁ የገባ ገና ሲነሣ ይቃጠላል። ሞላዋ የምትታየው ወገን ወደ ዘይቱ፣ ወደ ውስጥ ትዞራለች። ከዚያ ጠርዙን የሚያህል ቡሶላ (ክቡን የብሎን መፍቻ) አስደግፎ በቀስታ እየመታ ቀጥ አድርጎ ያስገባው። በአንድ ጎን ቀድሞ ከገባ ያውጣና እንደገና ይጀምር። ሲሊኮን ከንፈሩ አጠገብ አይድረስ።

ሰዎች ፍሳሽ ያቆማል የሚባለውን ፈሳሽ ሊመክሩህ ይችላሉ። እኔም እሸጠዋለሁ፣ እውነቱን ልንገርህና። የደረቀ ጎማን ትንሽ ያለሰልሳል፣ ያሳብጠዋል፤ የተቆረጠ ከንፈርና የተቦርቦረ ዘንግ ግን አይጠግንም። ለአንተ ደግሞ ሌላ ነገር አለበት፤ ፍሪሲዮንህ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ለመኪና የተዘጋጀ ማለስለሻ ሊያንሸራትተው ይችላል። ዘይት ስትገዛም ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA) የሚለውን ፈልግ፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ሳይክል የሚሆን ማለት ነው። ፍሳሹን ይቀንሳል ብለህ ወፍራም ዘይት አትሙላ፤ በኩታበር ውርጭ ማለዳ ወፍራም ዘይት ወደ ላይ እስኪደርስ ብረቱ በብረት ይፋተጋል።

ዋጋውን አስበህ እንዳትጨነቅ፣ አብሽር። የሁለቱ ኦይል ሲል ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ሊትር ዘይት ያንሳል፤ ይህን ባልነግርህ ኖሮ ደመወዝ ስቀበል እልካለሁ ብለህ ትጽፍልኝ ነበር። ለመካኒኩ የሚገባውን ክፈለው፤ ደህና ሠርቶ ከሆነ አትከራከረው።

አሮጌዎቹን አትጣላቸው፤ በወረቀት ጠቅልለህ ለደሴው ሚኒባስ ረዳት ስጥልኝ። ከንፈራቸው ዙሪያውን ደርቆ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ዕድሜ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ከሆነ ኩሽኔታው ነውና ቁጥሩን ፈልጌ አዘጋጃለሁ። የኋላውን ጎማ ካወለቅህ አይቀር የፍሬን ሸራውን እየው፤ ዘይት ከነካው ያንንም ጻፍልኝ። ከአዲስ አበባ ዕቃ የማስመጣው ሐሙስ ነው፣ መልእክትህ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

ዱዓዬ አይለይህ።

እናትህ፣
ኮምቦልቻ