የአባታችንን ምርቃት ድሮኑ ዋጠው

ለሠርግ ቪዲዮ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ዛንዚባር ላይ የተቀረጸው የእህቴ የሠርግ ፊልም እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህ ፊልም ለማን እንደሚሠራ ገና ስንዋዋል ነግረናችኋል። እህቴና ባለቤቷ ቀለበት ያሰሩት በታንዛኒያዋ ደሴት በዛንዚባር፣ ጃምቢያኒ የባሕር ዳርቻ ላይ ነው። አብረናቸው የሄድነው ጥቂት ሰዎች ነን። እናትና አባታችን፣ አክስቶቻችን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደሴ ቀርተዋል። ፊልሙን የፈለግነው በመልሱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተከፍቶ እነሱ እንዲያዩት ነው።

ተከፈተ። ከላይ ባሕር፣ ከላይ አሸዋ፣ ከላይ ዘንባባ። እንደገና ባሕር። ሰው ሲመጣም የሚታየው አናቱ ብቻ ነው። እናቴ ብዙ ጠበቀችና «ልጄ የትኛዋ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጣቴን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጌ አንዲት ነጭ ነጥብ አሳየኋት።

ድሮን አይግባ አላልንም። አንድ ቦታ ላይ በጣም ያምራል። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የሰዉ ጥላ አሸዋው ላይ ረዝሟል፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራዋ ጀልባ በዝግታ ታልፋለች። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወዶታል። እንዲህ ያለ ሁለት ሦስት ቢኖር ይበቃ ነበር። ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ሲያይ ላደገ የደሴ ሰው ከፍታ ብርቁ አይደለም። የናፈቀው የልጆቹን ፊት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ምርቃቱ ነው። አባቴ ሐኪም በረራ ስለከለከላቸው የመረቁት ከደሴ በቪዲዮ ጥሪ ነበር። አንደኛው ሚዜ ስልኩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘ። እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ አሸዋው ላይ ተንበረከከች፣ ባለቤቷም አጠገቧ። አባቴ ወሎዬ ናቸው፣ ሲመርቁ አይቸኩሉም። እኛም «አሜን» እያልን ቆመናል። ልክ በዚያ ሰዓት ባለሙያችሁ ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ ትቶ ድሮን ሊያስነሳ ሄደ። ድሮኑም እንደ ንብ መንጋ እየጮኸ ከአናታችን በላይ ወጣ። ፊልሙ ላይ የገባው ይኸው ነው፤ ሰዉ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል፣ ከበስተጀርባ የማናውቀው የውጭ ሙዚቃ ይሰማል። የአባቴ ድምፅ የለም። አንድ «አሜን» እንኳን አልተረፈም።

አባቴ ደግሞ እዚያው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ሙዚቃው ሲጀምር ጋቢያቸውን አስተካከሉና ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ሌላ ወሬ ጀመሩ። ምንም አላሉም። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሥራው የእናንተ ነው፣ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ድሮን ድምፅ አይቀዳም፤ ቢቀዳ እንኳ የሚሰማው የራሱ ክንፍ ጩኸት ነው። ስለዚህ ቃል ኪዳንና ምርቃት ላይ ሥራው የካሜራውና የማይኩ ነው። ድሮን ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ይነሳ። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንዴ መያዝ አይችልም። ውላችን ላይ ያለው ሁለት ባለሙያ ነው፤ የመጣው ግን አንድ ነው።

ሌላም አለ። ጃምቢያኒ በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል ነው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሲሸሽም በጣም ይርቃል። ቀለበቱ ሲታሰር ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። በካሜራ በተቀረጸው ላይ ከኋላችን ሴቶች ካስማ ላይ ከታሰረ ገመድ የባሕር አረም ሲለቅሙ ይታያሉ። ወዲያው ወደ ድሮን ሲዞር ግን ውሃው ዳር ድረስ ሞልቷል። ቀጥሎ ደግሞ ባሕር ላይ በምሰሶ የቆሙ ቤቶች ተደርድረው ይመጣሉ። በሠርጉ ቦታ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም፤ በዚህ የሚታወቀው ማልዲቭስ ነው። እህቴ ማልዲቭስን ረግጣ አታውቅም። የሌላ አገር ባሕር ለምን በሠርጓ ፊልም ውስጥ ገባ? በዕለቱ ነፋስ እንደነበር አይተናል። በነፋሱ ምክንያት ድሮኑ ብዙ አልበረረም ብትሉን ይገባን ነበር። ታንዛኒያ ውስጥ ድሮን ለማብረር የሚያስፈልገውን ፈቃድ እናወጣለን ብላችሁ ለብቻው አስከፍላችሁናል። ድሮኑም ራሱን የቻለ ሒሳብ ነበረው። ያንን ሁሉ የከፈልነው የእኛን ቀን እንድትቀርጹልን እንጂ ከኢንተርኔት የሚገዛ ምስል እንድትቀጥሉበት አይደለም።

አሁን የምንጠይቀው ይህ ነው። በመጀመሪያ ያልተቆረጡት ፋይሎች እንዳይጠፉ፤ የካሜራውም፣ የማይኩም፣ የድሮኑም ቅጂ ይሰጠን። የድሮን ፋይል ብዙ ጊዜ የተቀረጸበትን ቦታ ስለሚይዝ የትኛው ምስል የእኛ እንደሆነ መለየት አያስቸግርም። ከዚያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ፊልሙ እንደገና ኤዲት ይደረግ። ምርቃቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይግባ፣ የኛ ያልሆነው ባሕር ይውጣ። የሁለተኛው ባለሙያና ያልተሠራው የድሮን ቀረጻ ሒሳብ ይመለስልን። ይህ ካልሆነ ውሉን ይዘን ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለመሄድ እንገደዳለን።

ድምፁ ጨርሶ ጠፍቷል ብዬ አላምንም። ባለሙያው ሲሄድ ትራይፖዱ ላይ የቀረው ካሜራ ቀይ መብራቱ በርቶ ነበር። ሙሽራው ደረት ላይ የተሰካው ማይክም አልተነሳም። ቅዳሜ ጠዋት ሐርድ ዲስክ ይዤ እመጣለሁ። ባለሙያውም ይኑር፤ የአባቴን ድምፅ አብረን እንፈልገዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የሙሽራዋ ወንድም