ፎቶውን በቃል ልንገርህ

ቱሉ ዲምቱ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባዬ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ሚጡ እንደሆነች አውቃለሁ። ሚጡዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት። የሚከብድ ቦታ ሲመጣም እንዳትዘልዪው፣ እሺ የኔ ቆንጆ?

አባዬ፣ ያለፈው እሁድ እንዶዴ ሄጄ ነበር። የሃዲድ ጥገና እንዳለ የነገረኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። ታውቃለህ፣ ከሰበታ እስከ አዳማ ሃዲዱ ድርብ ነው። አንዱን ዘግተው ሲሰሩ በሌላው ባቡር ያሳልፋሉ። ካሜራዬን ይዤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ደረስኩ። ጥበቃው ገና ከሩቅ መለሰኝ። ኃላፊያቸውን አስጠርቼ ለመንኩት። "ፎቶው ለምንሽ ነው?" አለኝ። "አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው፣ የድሬዳዋ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም። ከጠጠሩ ራቅ አድርጎ አቆመኝና "ከዚህ እንዳታልፊ" ብሎኝ ሄደ።

አራት ፎቶ አሳትሜ ልኬልሃለሁ። በቃልም ልንገርህ።

የመጀመሪያው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው የሚሸከመው። ሰው ከስሩ ሲሰራ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ስለዚህ እነዚያ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች የተዘጋው ሃዲድ ላይ ምንም አይፈይዱም። የጠጠር ፉርጎዎቹን እየጎተተ የመጣው ናፍጣው ነው። አንተ ሁሌ "ናፍጣ አይከዳም" ትል የለ? ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበር። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። ፀሐይዋ ከጎን ስለመታችው እያንዳንዱ ብሎን የራሱን ጥላ ጥሏል።

ሁለተኛው ጠጠር የሚጠቀጥቀው ማሽን ነው። ይህን ብታየው! ሃዲዱን ይዞ ብድግ ያደርገዋል። ከዚያ የብረት ጥርሶቹን ከሃዲዱ ግራና ቀኝ ጠጠሩ ውስጥ ይሰካል። እየተንቀጠቀጠ ጠጠሩን ከሲሚንቶው አግዳሚ ስር ይጠቀጥቀዋል። ከዚያ ጥርሱን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ክሪክ የለም፣ ባራሚና የለም። እኔ ግን የማየው ያንተን መዳፍ ነበር። እማዬ ማታ ማታ ቫዝሊን የምትቀባልህን።

ሦስተኛው የአንድ ሠራተኛ ፎቶ ነው። ማሽኑ ካለፈ በኋላ ሰውየው ሃዲዱ ላይ በደረቱ ተኛ ማለት ይቻላል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሃዲዱን መስመር በሌላው አነጣጠረ። ልክ እንዳንተ። ማሽኑን አላመነውም፣ በዓይኑ ካላየ። ይህን ካነሳሁ በኋላ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

አራተኛው በሌላኛው ሃዲድ ኮንቴይነር ጭኖ ከጅቡቲ በኩል የመጣው ባቡር ነው። ሠራተኞቹ ጥሩምባውን ሲሰሙ መሣሪያቸውን ይዘው ዳር ቆሙ። ያንተ ሃዲድ መጋጠሚያው ላይ ጧ ጧ ይል ነበር። በልጅነቴ ያን እየቆጠርኩ ነው ቁጥር የለመድኩት። የአሁኑ በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የማሽኑንና የባቡሩን ድምፅ ቀድቼ በወንድም ጋሼ ስልክ ልኬዋለሁ። ያሰማህ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ስለ ባቡር የቤት ሥራ ተሰጥቷት ነበር። ከጅቡቲ ሥራው በ1890 እንደተጀመረ፣ ድሬ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 እንደደረሰ ነገርኳት። "ሃያ ዓመት ገደማ? ለምን እንዲህ ዘገየ?" አለችኝ። አያትሽን ጠይቂው አልኳት። ድሬን ራሷን ባቡር ነው የወለዳት ብዬም ነገርኳት፣ አንተ እንደምትለው። ትንሹ ጥርሱን ነቅሏል። የስፖርት ጫማ ካልተገዛልኝ እያለ...

አባዬ፣ እየዞርኩ መሆኔ ይገባሃል።

ወንድም ጋሼ ነገረኝ። በመስቀል የላክሁልህን ፎቶ ገልብጠህ ይዘህ "ቆንጆ ነው" ብለሃል አሉ። በስልክ ደግሞ እኔን "ግርማ አለው" አልከኝ። እኔም አመንኩህ። ስንቱን ፎቶ ነው እንዲህ ያመንኩህ? ለምን አልነገርከኝም?

የዓይን ጠብታውን የተውከው ምንም ስላላሳየኝ ነው አልክ። ሐኪሙን ራሴ ደውዬ አነጋግሬዋለሁ። ግላኮማ የወሰደውን ጠብታ አይመልስም። ጠብታው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። ሃዲድ የሚጠገነው ባቡሩ ሳይወድቅ ነው ትለን አልነበር? ታዲያ ላንተ ሲሆን እንዴት ተረሳህ? ብር ልኬያለሁ፤ ለጠብታው ብቻ ነው። ለዕድር አይደለም፣ ለስለትም አይደለም። ቡታጋዙንም ብቻህን እንዳትለኩስ፣ በማርያም።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን ልንገርህ።

በ1987 ክረምት ወንድም ጋሼን ጅቡቲ ወሰድከው። እኔ 12 ዓመቴ ነበር። እሱ ባቡር ላይ ያጥወለውለዋል። የፉርጎ ቁጥር በቃሌ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ልብሴን በፌስታል አሰናድቼ ከበሩ ላይ ቆሜ ሳለ "ሴት ልጅ ሃዲድ ላይ ምን ትሰራለች?" አልከኝ። ሙቀቱንም ምክንያት አደረግክ። ከዚራ ሰፈር፣ የጣቢያው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪሰወር አየሁት። ስትመለስ ዛጎል አመጣህልኝ። "በይ፣ ባሕሩ ይኸውልሽ!" ብለህ ሳቅህ። ሦስት ቀን ሳላናግርህ ቆየሁ። ልብ ያልከው አይመስለኝም።

ሎኮሞቲቭ ሳነሳ ሁልጊዜ ሲመጣ ነው የማነሳው፣ ከፊቱ። ሲሄድ ከጀርባው አንስቼ አላውቅም። ባለቤቴ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። መልስ አልሰጠሁትም።

ዛጎሉ እስካሁን አለኝ። ካሜራዬን የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ያበላኸኝ፣ ያስተማርከኝ፣ በዚያች ደመወዝ አራታችንን ያሳደግከን አንተ ነህ። አልረሳሁትም። ግን ይህም አለ።

ላንጋኖን አይቻለሁ፣ ሐዋሳን አይቻለሁ። ባሕር ግን አላየሁም። ሁለት ጊዜ አጋጣሚ አግኝቼ ተውኩት። ሌላ ሰው እንዲያሳየኝ አልፈለግኩም።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ከበዓሉ በኋላ ከድሬ በባቡር እስከ ጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ድረስ አብረን እንሂድ። ቀሪውን በታክሲ ነው። የፓስፖርቱን ጉዳይ ወንድም ጋሼ ከአሁኑ ይጀምርልህ። ክረምት እስኪገባ አንጠብቅ። ሙቀቱን አንተ ታውቀዋለህ። ሙቀቱ ብቻም አይደለም፣ አባዬ። አሁን ትንሽም ቢሆን እያየህ እንድታሳየኝ ነው። ባሕሩ በየት በኩል እንደሚጀምር፣ ያኔ የት ቆማችሁ እንደነበር።

እሁድ ማታ እደውላለሁ። ስልኩን ራስህ አንሳው። "ደህና ነኝ" ብለህ ለወንድም ጋሼ እንዳትሰጠው። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም፣ እሱን ከራስህ አፍ ልስማ።

ጉልበትህን ስሜያለሁ።

ልጅህ

ሚጡዬ፣ ጎበዝ፣ አልዘለልሽም አይደል? በይ አሁን ተነሺና ጠብታውን አምጪለት። ፍሪጁ በር ላይ ነው ብሎኛል አባትሽ። አንድ አንድ ጠብታ፣ በሁለቱም ዓይኑ።